ምዕራፍ 7፦ ትልቁ መስታወት

በግንቦት፣ ክረምቱ ሰማዩን ከመዝጋቱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ጥርት ያሉ ሌሊቶች፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት ያገኛል። ከነሱ ከፍ ብሎ ወደ ግራ፣ የከተማ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ ከሆነ፣ አንዲት ደብዘዝ ያለች ኮከብ ትታየዋለች። ኮከብ ግን አይደለችም። ኦሜጋ ሴንታውሪ ትባላለች፤ 10 ሚሊዮን ያህል ከዋክብት ተሰብስበው የሠሩት ድቡልቡል ጉባኤ ናት። ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 17,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1677 እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ ከቅድስት ሄሌና ደሴት ሆኖ ተራ ኮከብ አለመሆኗን መዘገበ።

እኔም በመጀመሪያው ቴሌስኮፔ፣ የመስታወቱ ስፋት 114 ሚሊሜትር በሆነው፣ ከግቢያችን ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። የታየኝ ክብ ጭጋግ ነበር። ዓይኔን ሳልነቅል ስቆይ ጠርዟ ላይ አንዳች ነገር ብልጭ ጥፍት ይላል፤ በመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ እንደሚንሳፈፍ የበሶ ብናኝ። ጭጋጉ የከዋክብት ክምችት መሆኑን መጽሐፍ ነግሮኛል፤ ዓይኔ ግን ገና አላየውም። ትልቅ ቴሌስኮፕ መመኘት የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

በትንሽ ቴሌስኮፕ አንድ ሁለት ዓመት ሰማይ የቃኘ ሰው ሁሉ እዚህ ምኞት ላይ ይደርሳል። ወዲያው የሚጠይቀውም “ምን ያህል ትልቅ ልግዛ?” ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ፦ አሁን ያለኝ ቴሌስኮፕ የነፈገኝ ምንድን ነው? የተነፈገው ነገር አንዳንዴ መስታወት ነው፤ አንዳንዴ ጨለማ፣ አንዳንዴም የረጋ አየር ነው። ሦስቱም ከዓይን ሌንሱ ጀርባ ለቆመ ሰው አንድ ይመስላሉ፤ ምስሉ ይደበዝዛል። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ በገንዘብ የሚገዛው ደግሞ አንዱ ብቻ ነው።

ሳፋውና ስኒው

ዝናብ ሲጥል ደጅ ላይ ሳፋና ስኒ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ዝናቡ ለሁለቱም እኩል ይወርዳል። ሳፋው ውስጥ የሚጠራቀመው ግን ይበልጣል፤ አፉ ሰፊ ነዋ። የከዋክብት ብርሃንም ሌሊቱን ሙሉ በምድር ላይ እንዲሁ ይዘንባል። በጨለማ ውስጥ የወጣት ሰው የዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይጠባል። ስኒያችን ይህ ነው። ቴሌስኮፕ ደግሞ ሳፋ ነው፤ ሰፊ አፍ ያለው፣ የሰበሰበውን ሁሉ አጥብቦ በዚያች ጠባብ ብሌን የሚያሳልፍ።

ስሌቱ በቆዳ ስፋት ስለሆነ የመስታወቱ ወርድ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ አራት እጥፍ ይሆናል። የ114 ሚሊሜትር መስታወት ከዓይን ብሌን 265 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ሰማይ ቃኚዎች “ስምንት ኢንች” የሚሉት የ203 ሚሊሜትር መስታወት ደግሞ 841 እጥፍ። (ይህን ቁጥር ያየ ሰው ለምን ያለ ልዩ ማጣሪያ ቴሌስኮፕን ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይን እንደሚያጠፋ ይገባዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 የላሊበላ ሰዎች ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ባዩበት ቀን በባዶ ዓይን ማየት እንኳ አደገኛ ነበር። ማጣሪያው የሚገጠመውም በቴሌስኮፑ አፍ ላይ ነው እንጂ በዓይን ሌንሱ በኩል አይደለም።)

እንግዲህ ከ114 ወደ 203 መሸጋገር ብርሃኑን 3.2 ጊዜ ያበዛዋል። ይህ በከዋክብት የድምቀት መለኪያ ስንት ነው? የጥንቶቹ ግሪኮች ከዋክብትን ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ደረጃ ይመድቧቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1856 ኖርማን ፖግሰን እያንዳንዱ ደረጃ ከሚቀጥለው 2.5 ጊዜ ያህል እንዲበልጥ አድርጎ በቁጥር አሰረው። 3.2 ጊዜ ብርሃን በዚህ መለኪያ አንድ ደረጃ ከሩብ ነው። ከሩቅ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰማይ ላይ ደብዛዛ ከዋክብት ከደማቆቹ እጅግ ስለሚበዙ በዚያች አንድ ደረጃ ከሩብ ውስጥ ብዙ ሺህ አዳዲስ ከዋክብት ብቅ ይላሉ። በአንጻሩ ከ114 ወደ 130 ሚሊሜትር የሚደረገው ለውጥ የሩብ ደረጃ ነገር ነው። ገንዘቡ ይወጣል፣ ዓይን ግን ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም። ገንዘቡ አልሞላ ሲል በመሀል ያለውን መጠን ለመግዛት የሚፈተን ሰው ብዙ ነው። እኔ ብርሃኑን ሦስት እጥፍ የማያደርግ ለውጥ ከሆነ ያንን ገንዘብ ለተሻለ የዓይን ሌንስና ለነዳጅ ቢያውለው እመርጣለሁ።

ማጉላትን ያላነሳሁት ረስቼው አይደለም። በርካሽ ቴሌስኮፖች ካርቶን ላይ በትልቁ የሚታተመው “ይህን ያህል ጊዜ ያጎላል” የሚል ቁጥር ብዙ ጀማሪ አሳስቷል። ማጉላት ከዓይን ሌንሱ የሚመጣ የማካፈል ስሌት ነው፤ የመስታወቱ የትኩረት ርቀት 1,200 ሚሊሜትር ሆኖ የ25 ሚሊሜትር የዓይን ሌንስ ብናስገባ 48 ጊዜ ያጎላል፤ በ10 ሚሊሜትር ብንቀይረው 120 ጊዜ። የፈለገ ሰው 600ም ሊያደርሰው ይችላል፤ የሚያየው ግን የጎላ ጭጋግ ነው። መስታወቱ ያልሰበሰበውን ዝርዝር ማጉላት አይፈጥረውም። በጥሩ ሌሊት እንኳ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር ስፋት ከ2 ጊዜ በላይ ማጉላት አያዋጣም።

ነጥብና ጭጋግ

ኮከብ ነጥብ ነው። የቱንም ያህል ቢጎላ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ትልቁ መስታወት የሰበሰበው ብርሃን በሙሉ በዚያችው ነጥብ ላይ ያርፋል፤ ከበስተጀርባዋ ያለው ሰማይ ግን በተጎላ ቁጥር እየሳሳ ይጠቁራል። እንደ ኦሜጋ ሴንታውሪ ባሉ ድቡልቡል ጉባኤዎች ላይ በ114 እና በ203 መካከል ያለው ልዩነት የሰማይና የምድር ያህል የሚሆነው ለዚህ ነው። በትንሹ መስታወት ሊለዩ አፋፍ ላይ የነበሩ ከዋክብት በትልቁ አፋፉን በብዛት ይሻገራሉ። ምኞታችሁ የእኔ ዓይነት ከሆነ የነፈጋችሁ በእርግጥ መስታወት ነው፤ ትልቁን መግዛት ያስኬዳል።

ኔቡላዎችና ጋላክሲዎች ግን ነጥብ አይደሉም፤ የተነጠፈ ብርሃን ናቸው። እዚህ ላይ ለማመን የሚከብድ የተፈጥሮ ሕግ አለ፦ የትኛውም ቴሌስኮፕ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ የተነጠፈ ብርሃንን ገጽ በባዶ ዓይን ከሚታየው የበለጠ ደማቅ ማድረግ አይችልም። ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ነገር ግን ምስሉን ሲያጎላው ያንኑ ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ይቀባዋል። ቅቤው ሲበዛ ቂጣውም አብሮ ይሰፋል፤ ጉርሻዋ ላይ የሚደርሰው ቅቤ አይጨምርም። የትልቁ መስታወት ጥቅም ሌላ ነው፤ በዚያው ድምቀት ምስሉን ያሰፋዋል፤ ዓይናችን ደግሞ በጨለማ ደብዛዛ ነገርን ሰፊ ሲሆን ይበልጥ ይለየዋል። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም መስታወቱ ሲሰበስብ የጋላክሲውን ብርሃን ከከተማው ብርሃን አይመርጥም። የመንገድ መብራት ያነጣው ሰማይም በዚያው ልክ ተሰብስቦ ይመጣል።

ይህን በመጽሐፍ ካነበብኩት በላይ ያስተማረኝ አንድ ጉዞ ነው። በአንድ ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ወደ ዘመዶቼ ዘንድ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ ወዳለች መንደር ስሄድ ያንኑ 114 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ከእራት በኋላ ሰው ሁሉ ወደ እሳቱ ሲጠጋ እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆምኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ነበር። ቴሌስኮፑን ወደ ሰሜን፣ ወደ አንድሮሜዳ ጋላክሲ አዞርኩ፤ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ከእኛ ትርቃለች። የምትገኝበትን የከዋክብት ስብስብ የጥንት ግሪኮች በተረታቸው የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በሆነችው ልዕልት ስም ጠርተውታል፤ የእነሱ ኢትዮጵያ ወሰን ከዛሬዋ ጋር አንድ ባይሆንም ስሙን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ከአዲስ አበባ ግቢያችን ይህች ጋላክሲ በጣት የተነካ መስታወት ላይ እንደሚቀር እድፍ ነበረች። በዚያ ሌሊት ግን ከሌንሱ ዳር እስከ ዳር ሞልታ አልፋ ሄደች። አጠገቧ ያሉት ሁለት ትናንሽ ጋላክሲዎች፣ አንደኛዋ ክብና ደመቅ ያለች፣ ሌላዋ የረዘመችና የሳሳች፣ ሁለቱም ታዩኝ።

ከዓመታት በኋላ የ203ቱን ሚሊሜትር መስታወት ከአዲስ አበባ ወደዚያችው ጋላክሲ ሳዞር ያችን አጠገቧ ያለችውን የረዘመችና የሳሳች ትንሽ ጋላክሲ ላያት አልቻልኩም። ሦስት እጥፍ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መንገድ የሰጠኝን አልተካልኝም።

ስለዚህ ጋላክሲና ኔቡላ የሚመኝ ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ አሮጌውን ቴሌስኮፑን ይዞ ከከተማ እንዲወጣ እለምነዋለሁ፤ ለአንድ ሌሊት፣ ጨረቃ በሌለችበት። መውጣት ካልተቻለም ግቢ ውስጥ የሚገኘው ጨለማ መልካም አያያዝ ይፈልጋል። ዓይን ሙሉ በሙሉ ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ማየት ያን ሁሉ ትዕግሥት ያፈርሰዋል። እኔ ጋቢዬን አጥፌ ከራሴ ጀምሮ እስከ ዓይን ሌንሱ እከናነባለሁ፤ የጎረቤት አምፖልና የመንገዱ መብራት ውጭ ይቀራሉ። ደብዛዛውን ነገርም ፊት ለፊት ሳይሆን ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ አየዋለሁ፤ በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ከመሀል ይልቅ ዳር ዳሩን የበዙ ናቸውና። ጋቢው በውጤቱ የመስታወት ያህል ነው።

አየሩ

ጁፒተርና ሳተርን ብርሃን አያንሳቸውም፤ የሚያንሳቸው የረጋ አየር ነው። በከሰል ምድጃ ላይ አሻግሮ የተመለከተ ሰው ከወዲያ ያለው ግድግዳ ሲርገበገብ ያያል። በእኛና በፕላኔቶቹ መካከል ያለው አየርም ሙቁና ቀዝቃዛው እየተደባለቀ እንዲሁ ያርገበግባቸዋል። አንድ ዲግሪ 3,600 አርክ ሴኮንድ ነው፤ የ114 ሚሊሜትር መስታወት በሰማይ ላይ የአንድ አርክ ሴኮንድ ያህል ርቀት ያላቸውን ሁለት ነጥቦች ይለያል፤ የ203ቱ ደግሞ እስከ 0.57 ይወርዳል። አየሩ ግን በአብዛኞቹ ሌሊቶች ከአንድ እስከ ሁለት አርክ ሴኮንድ ያህል ያደበዝዛል። ትልቁ መስታወት ያለው ሰው የገዛውን ዝርዝር የሚያገኘው አየሩ ለአፍታ ሲረጋ ነው፤ እሱም ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይቆይና ይሄዳል። ፕላኔት ማየት በአብዛኛው ያችን አፍታ መጠበቅ ነው።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ሰው የታደለ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስንቆም የከባቢ አየሩ ሩብ ያህል ከእግራችን በታች ይቀራል። ደግሞም ወደ ምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፕላኔቶቹ ከአናታችን ብዙ ሳይርቁ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 ጁፒተር በለንደን ሰማይ ላይ ቢበዛ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነበር ከፍ የሚለው፤ ጭስና ሙቀት በሞላበት ወፍራም አየር ውስጥ። በዚያው ዓመት ከእኛ ዘንድ 58 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ለንደን ላይ በትልቅ መስታወት የሚገኘውን እኛ በትንሹ የምናገኝበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

ቀን ሙሉ ፀሐይ የጠጣ የኮንክሪት ጣሪያ ግን ሙቀቱን እስከ እኩለ ሌሊት ይተፋል፤ ከዚያ በላይ የሚታይ ፕላኔት ይንቀጠቀጣል። መስታወቱም እንዲሁ ነው። ወፍራም መስታወት የክፍሉን ሙቀት ይዞ ይወጣና በራሱ አፍ ውስጥ አየሩን ያውካል፤ ትልቅ በሆነ ቁጥር ለመቀዝቀዝ ይዘገያል። የ114ቱን አውጥቼ ወዲያው ማየት እችል ነበር። የ203ቱ ግን ከእራት በፊት፣ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ መውጣት አለበት።

የሄርሸል ሁለት ቴሌስኮፖች

ስለ ትልቅ መስታወት ሳስብ ሁሌም ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ዊልያም ሄርሸል ነው። እ.ኤ.አ. በ1738 በሃኖቨር ተወለደ፤ በእንግሊዟ የባዝ ከተማ ኦርጋን እየደረደረ የሚኖር ሙዚቀኛ ነበር፤ መስታወቶቹን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። መጋቢት 13 ቀን 1781 እ.ኤ.አ. ዩራነስን ሲያገኝ የተጠቀመበት መስታወት ወርዱ 16 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ዛሬ በብዙ ግቢዎች ካሉት ያንሳል። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ 4,000 ፓውንድ ሰጡትና እ.ኤ.አ. በ1789 ርዝመቱ 12 ሜትር፣ የመስታወቱ ወርድ 1.2 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አቆመ። በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ነበር። በዚያው ዓመት ኤንሰለደስ የተባለችውን የሳተርን ጨረቃ ያየው በእሱ ነው።

ሆኖም ያ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ቀሪ ዘመኑን በአብዛኛው ሥራ ፈትቶ ቆመ። መስታወቱ የመዳብና የቆርቆሮ ቅልቅል ስለነበር ቶሎ ቶሎ ይጠቁራል፤ እንደገና ማጥራት ደግሞ ትልቅ ሥራ ነው። ለማዞር የቀን ሠራተኞች ያስፈልጋሉ። የእንግሊዝ ሰማይ ለጥቂት ሰዓት ሲገልጥ ያ ሁሉ እስኪሰናዳ ደመናው ተመልሶ ይመጣል። ሄርሸል ሌሊት በሌሊት የሚመለስበት 47 ሴንቲ ሜትር መስታወት ያለው፣ ስድስት ሜትር የሚረዝመው መካከለኛው ቴሌስኮፑ ነበር። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ የሚያየውን ይጣራል፤ እህቱ ካሮሊን ትጽፋለች። ይህች ሴት በራሷም ስምንት ጅራታም ኮከቦችን ያገኘችና ለሥራዋ ከንጉሡ በዓመት 50 ፓውንድ ደመወዝ የተቆረጠላት ሊቅ ናት። ሁለቱ በዚያ መካከለኛ ቴሌስኮፕ 2,500 ያህል ኔቡላዎችንና የከዋክብት ጉባኤዎችን መዘገቡ።

ልጁ ጆን ሄርሸል የደቡቡን ሰማይ ለመቃኘት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲጓዝ መርከብ ላይ የጫነውም ያንን መካከለኛ መጠን ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1838 በኬፕ ሠራበት፤ ከእንግሊዝ ፈጽሞ የማትታየውን ኦሜጋ ሴንታውሪን አባቱ ሳያያት ሞቶ ልጁ ከዚያ አያት። ትልቁ ቴሌስኮፕ እንግሊዝ ቆሞ ቀረ፤ በኋላም ለአደጋ ስለሚያሰጋ ጆን ራሱ አስፈረሰው።

የእኛ ነገር ያን ያህል ግዙፍ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። የ203 ሚሊሜትር መስታወት ያለው ቀላሉ ዓይነት ቴሌስኮፕ ከነመቀመጫው 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህ ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ ክብደቱን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። የ305 ሚሊሜትሩ ከ35 ኪሎ በላይ ነው፤ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ትንሽ የቀረው። አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ከመግዛቱ በፊት ጀሪካኖቹን ሞልቶ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሥራ በገባበት ድካም፣ ደረጃውን ወርዶ ይውጣ። ለሦስት ቀን ይሞክረው። ይህን ምክር የምሰጠው ተገዝቶ ቁም ሣጥን አጠገብ የቆመ ትልቅ ቴሌስኮፕ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

ሳጥኑን እዚህ መሥራት

ዋጋውንም ክብደቱንም ያቀለለልን ሰው ጆን ዶብሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1915 ቤጂንግ ውስጥ ተወልዶ በሳን ፍራንሲስኮ አደገ፤ ኬሚስትሪ ተምሮ ሲያበቃ በቬዳንታ ገዳም መነኮሰ። በገዳሙ እያለ ከመርከብ መስኮት የተረፈ ወፍራም መስታወት እየፈተገ የቴሌስኮፕ መስታወት መሥራት ጀመረ። ለቴሌስኮፑ አካል የኮንክሪት ምሰሶ የሚሞላበትን የካርቶን ቱቦ፣ ለመቀመጫው የእንጨት ሳጥን ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ1967 ከገዳሙ እንዲወጣ ተደረገ፤ በቀጣዩ ዓመት ከተከታዮቹ ጋር ቴሌስኮፖቹን እግረኛ መንገድ ላይ ደርድሮ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰማይን ያሳይ ጀመር። ለፈጠራው ባለቤትነት አልጠየቀበትም፤ የፈለገ ሁሉ እንዲሠራው ተወው። እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪሞት ድረስ እንደዚያው ነበር።

የዶብሰን መቀመጫ ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ አለው፤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ። በእጅ ይገፋል፤ ሞተር የለውም። ለእኛ አገር የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ብዙዎች የሚመኙት፣ በአንድ ዘንግ ዙሪያ ኮከብን የሚከተለው ዓይነት መቀመጫ ዘንጉ ወደ ሰሜን ኮከብ ማመልከት አለበት። ሰሜን ኮከብ በለንደን 51 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 9 ዲግሪ ብቻ። ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ጋራው ራሱ ሊሸፍናት ይችላል። ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ታስበው ከተሠሩት መቀመጫዎች ብዙዎቹ ዘንጋቸው ያን ያህል ዝቅ ሲል ሚዛን መጠበቂያ ብረታቸው ከእግራቸው ጋር ይጋጫል። የዶብሰን ሳጥን ግን የትም ቢቀመጥ ግድ የለውም። አንድ ጉድለት አለው፦ ልክ ከአናት በላይ ያለን ነገር መከተል ይቸግረዋል፤ የእኛ ፕላኔቶች ደግሞ ወደዚያ ይጠጋሉ። እኔ ፕላኔቶቹን አናት ላይ ከመድረሳቸው በፊት ወይም ከአናት ካለፉ በኋላ አያቸዋለሁ።

የሚቀረው ማምጣቱ ነው። የቴሌስኮፑ ቱቦ 1.2 ሜትር ይረዝማል፤ አንድ ሻንጣ ከ23 ኪሎ፣ የሦስት ጎኖቹም ድምር ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ በሚፈቀድበት ጉዞ ላይ ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል። መስታወቱ ብቻውን ግን 2 ኪሎ ገደማ ነው። አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ስትመጣ ዋናውን መስታወት፣ ብርሃኑን ወደ ጎን የሚመልሰውን ትንሹን ጠፍጣፋ መስታወት፣ የዓይን ሌንሱን መያዣና ጥቂት የቴፍሎን ቁራጭ በልብሶቿ መካከል ጠቅልላ አመጣችልኝ። የቀረውን እዚሁ ለመሥራት ወሰንኩ።

ሰፈራችን ውስጥ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩ አንድ ሸምገል ያሉ አናጺ አሉ። ሥዕሉን ይዤላቸው ሄድኩ። አራት ማዕዘን ረጅም ሳጥን ከቀጭን ኮምፔርሳቶ፣ ውስጡ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም፤ ከታች መስታወቱን የሚሸከሙና የሚያስተካክሉ ስፕሪንግ ያላቸው ሦስት ብሎኖች፤ በጎንና በጎኑ እንደ ጎማ የተቆረጡ ሁለት ክብ እንጨቶች።

“ምን ይቀመጥበታል?” አሉኝ።

“መስታወት ነው ጋሼ። ኮከብ የሚታይበት።”

ሥዕሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት። “ታዲያ ይሄ መዞሪያው ጥብቅ ካለ ስትገፋው ይዘላል፤ ላላ ካለም ንፋስ ይወስደዋል። ምን ላይ ነው የሚሽከረከረው?”

ዶብሰን ዓመታት የደከመበትን ነገር በአንድ እይታ ለይተውታል። ቴፍሎኑን አወጣሁላቸው። በጣታቸው አሹት፤ ከዚያ ከአሮጌ የወጥ ቤት ጠረጴዛ የተረፈ ሸካራ ገጽ ያለው ፎርማይካ ከጥግ አምጥተው አንዱን በሌላው ላይ ገፉት። ለስላሳ ነበር፤ ሲተዉትም ባለበት ይቆማል። “ይሄ ይሆናል” አሉ።

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ በኋላ መስታወቶቹን እርስ በርስ ማስተካከል ነበረብኝ፤ ትንሹ ቴሌስኮፔ ብዙም ያልጠየቀኝ፣ ትልቁ ግን በወጣ ቁጥር የሚጠይቀው ሥራ ነው። ትንሹን ጠፍጣፋ መስታወት ከዓይን ሌንሱ ቀዳዳ ትክክል አድርጎ፣ ከዚያ የታችኛውን በብሎኖቹ እያዘነበሉ ሁሉም ክብ በክብ ውስጥ እስኪገባ ድረስ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ወሰደብኝ፤ አሁን አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አቧራ ሲያርፍበት እንዳልወለውለው ግን ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ላዩ ላይ ያለው የአሉሚኒየም ቅብ እጅግ ስስ ነው፤ ጥቂት አቧራ ከጭረት ይሻላል።

ግንቦት 20 ቀን አካባቢ፣ ሁለት ሌሊት ደመና ካስጠበቀኝ በኋላ፣ ሰማዩ ጸዳ። ሳጥኑን ከመግሪብ አዛን በኋላ አውጥቼ እንዲቀዘቅዝ ተውኩት። አራት ሰዓት ሲሆን ጋቢዬን ተከናንቤ በ48 ጊዜ ማጉላት የደቡብ መስቀልን ይዤ ወደ ላይና ወደ ግራ ገፋሁት። ጭጋጓ ገባች። የ10 ሚሊሜትሩን የዓይን ሌንስ ቀየርኩ።

በጥቁር ጨርቅ ላይ ማኛ ጤፍ የተደፋ ይመስል ነበር። መሀሉ ላይ ክምር ብሎ፣ ወደ ዳር እየሳሳ፣ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው። ዓይኔን ወደ ጎን ሳደርግ ከፍሬዎቹ ጀርባ ሌሎች ፍሬዎች ይመጣሉ። ለመቁጠር ሞከርኩና በአንዲት ጠባብ ጥግ ላይ 60 ስደርስ ተውኩት።

በማግስቱ ምሽት አናጺውን ጠራኋቸው። ኮታቸውን ደርበው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ከዋክብቷ ከሌንሱ ሲወጡባቸው እንዴት እንደሚገፉት አሳየኋቸው።

“እነዚህ ሁሉ?” አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

“ሁሉም ፀሐይ ናቸው ጋሼ።”

ዝም አሉ። እንደገና ገፋ አደረጉት፤ ከዚያም ጆሯቸውን ወደ ሳጥኑ ሰጥተው በእጃቸው መዞሪያውን ዳሰሱት። “በዚህ በኩል ትንሽ ይይዛል” አሉኝ፤ “ነገ አምጣው፣ ላሽልህ።”